ለመኝታ መኪና ሁለተኛ ባትሪ አመራረጥ፦ በጅማ ዝናብና ጭቃ የተፈተነ መመሪያ

ጌራ ውስጥ አንድ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው «ጠክ» ብሎ ዝም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጁና መብራቱ ሲጠጡ ያደሩት መኪናዋ የምትነሳበትን ያንኑ አንድ ባትሪ ነበር። ቀይ ቡና ሊለቅሙ በጭቃው የሚያልፉ ስድስት ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ። አንደኛው እጁን በሱሪው እየጠረገ «ጋሼ፣ ይሄም በኪሎ ነው የሚታሰበው?» አለኝ። ሳቅሁ፣ ከፈልኩ፣ ጅማ እንደገባሁም ሁለተኛ ባትሪ ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ሳላውቅ ገዛሁትና በ7 ወሩ ሞተ። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው።

መኪናዬ የናፍጣ ሃይሩፍ ናት። የኋላ ወንበሮቿን አስወጥቼ አልጋ፣ የዕቃ ሳጥንና ቁመቱ ከጉልበቴ የማያልፍ ፍሪጅ አስገባሁባት። ቡና በሚደርስበት ወራት ወደ አጋሮ፣ ወደ ጌራ፣ ወደ ሊሙ ስመላለስ ማደሪያዬ እሷ ናት። ፍሪጁ ለቢራ እንዳይመስላችሁ። ስኳር አለብኝ፤ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ባትሪ ሲሞትብኝ የምናደድ ብቻ ሳልሆን የምታመምም ሰው ነኝ።

መኪናቸውን እንደኔ ሊያሰናዱ የሚያስቡ ሰዎች መጥተው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስንት አምፒር ልግዛ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «በምን ትሞላዋለህ?» ባትሪ ጀሪካን ነው፤ ውሃ ይይዛል እንጂ አያፈልቅም። ቧንቧው በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰውና ጓሮው ምንጭ ያለው ሰው አንድ ዓይነት ጀሪካን አይገዙም። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ ረጅም ነው፣ የምንነዳው መንገድ አጭር ነው፣ መኪናችንን የምናቆመው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ምርጫውን የሚወስኑት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

መጀመሪያ ሌሊታችሁን ቁጠሩ

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ዋት እንደሚበላ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ዋቱን በሚሠራበት ሰዓት አባዙት፤ የሚመጣው ዋት አወር ነው። ሁሉንም ደምራችሁ ለ12 ስታካፍሉት በቀን ስንት አምፒር አወር እንደምትጨርሱ ይነግራችኋል።

የኔን አንድ ቀን እንካችሁ። ሁለት ባለ 5 ዋት የኤልኢዲ አምፖሎች 4 ሰዓት ይበራሉ፤ 40። ሦስት ስልኮች ይሞላሉ (ሁለቱ የኔ ናቸው፣ ሦስተኛው ሁሌም የሆነ እንግዳ ነው)፤ 45 ገደማ። ላፕቶፑ 60 ዋት ይበላል፣ 2 ሰዓት እሠራበታለሁ፤ 120 ነው፣ ግን ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚለውጠው ሳጥን) ውስጥ ሲያልፍ የሚባክን ስላለ 140 እለዋለሁ። ፍሪጁ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ 45 ዋት ይበላል። ደግነቱ ቀኑን ሙሉ አይሠራም፤ ይነሳል፣ ይተኛል። ከ24 ሰዓቱ 40 በመቶውን ቢሠራ 430 ይሆናል። ድምሩ 655 ዋት አወር፤ ለ12 ሲካፈል 55 አምፒር አወር ያህል። ፍሪጁን ብታወጡት ግን ጠቅላላው 19 አምፒር አወር ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማስላታችሁ በፊት ፍሪጅ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ወስኑ። ሥጋና ወተት በየገበያው በሚገኝበት አገር ብዙ ሰው አያስፈልገውም።

የፍሪጁን ልክ ለማወቅ መሣሪያ አትፈልጉም፤ ጆሮ ይበቃል። ማታ መኪናው ውስጥ ቁጭ በሉና ኮምፕረሰሩ «ዝዝ» ማለት የጀመረበትንና ያቆመበትን ደቂቃ ለአንድ ሰዓት መዝግቡ። የኔ ማታ ማታ ከ60 ደቂቃ 18ቱን ይሠራል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ጣሪያውን ስትመታ 30 ይደርሳል።

ቡና በባትሪ ላፍላ የምትሉ፦ 1000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከባለ 12 ቮልት ባትሪ 95 አምፒር ገደማ ይስባል። ለ20 ደቂቃ ብታበሩት 32 አምፒር አወር አለቀ፤ ከኔ የአንድ ቀን ፍጆታ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ጀበናዬ ከሰል ላይ፣ ከመኪናው ውጭ ናት። «ውጭ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ በሩ በተዘጋ መኪና ውስጥ የነደደ ከሰል ጋዙ ሰው ይገድላል፣ ጋዙ ሽታ እንኳን የለውም።

በምን ትሞሉታላችሁ?

ሦስት ምንጭ አለ፦ የመኪናው ዲናሞ፣ ፀሐይ እና የመብራት ኃይሉ 220 ቮልት።

ከዲናሞው እንጀምር። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ሰዓት በሉት። በ30 አምፒር የሚሞላ ቻርጀር ካላችሁ አጋሮ ስትደርሱ 30 አምፒር አወር ገብቷል። ጎጀብን ተሻግራችሁ ቦንጋ ከዘለቃችሁ ደግሞ መንገዱ ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን 70 እና ከዚያ በላይ ታገኛላችሁ። ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ (በየመኪናው ያለው፣ በእርሳስና በአሲድ የሚሠራው) አንድ ጠባይ አለው። እስከ 80 በመቶ ድረስ እንደ ጥም ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ በኋላ እየተግደረደረ ነው የሚቀበለው፤ የመጨረሻዋን 20 በመቶ ለመሙላት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፣ ቻርጀሩ ምንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን። በአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ሳይሞላ የሚከርም የእርሳስ ባትሪ ውስጡ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ጀሪካኑ ከውስጥ ጠበበ ማለት ነው። የኔን የመጀመሪያ ባትሪ በ7 ወር የገደለው ይኸው ነው። ሻጩን ለወራት ስረግም ኖሬ በኋላ ነው ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ መሆኑን የተረዳሁት።

የሊቲየም ባትሪ በዚህ በኩል አያስቸግርም። ግማሽ ላይ ቢከርም አይከፋውም፤ እንዲያውም ይመቸዋል። የሱ ችግር ተቃራኒው ነው፦ ሆዳም ነው። ከዲናሞው ጋር በቀጥታ ብታገናኙት ያለ የሌለ አምፒሩን ይጎትታል፣ ዲናሞው ይግላል፣ በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ማራገቢያው ዝግ ስለሚል መጠቅለያ ሽቦው እስከ መቃጠል ይደርሳል። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ ያሉንን አሮጌ መኪኖች ተንከባክበን መያዝ አለብን፤ ዲናሞ ማቃጠል አያዋጣም። መፍትሔው በሁለቱ ባትሪዎች መሐል ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ማስገባት ነው። የሚያልፈውን አምፒር በ20 ወይም በ30 ይገድባል፣ ቮልቱን ለሁለተኛው ባትሪ በሚስማማው ልክ ይሰጣል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን ይለያያል። ሁለቱም ባትሪዎች የእርሳስ ከሆኑ ግን ርካሹ ባትሪ መለያያ ሪሌ ይበቃችኋል፤ ሞተር ተነስቶ ቮልቱ 13.3 አካባቢ ሲደርስ ያገናኛል፣ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያል።

አንዳንድ ባለሙያ «ሁለቱን በሽቦ አገናኛቸው፣ ምን ቸገረህ» ይላል። ጌራ ላይ የተገፋሁትን አስታውሱ። ሁለተኛው ባትሪ ቢያልቅ ጨለማ ውስጥ ታድራላችሁ እንጂ መኪናዋ መነሳት አለባት። ይህ የማይደራደሩበት ነገር ነው።

ፀሐይን በተመለከተ ጅማ በኬክሮስ 8 ዲግሪ እንኳ ስለማትሞላ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ በአናታችን ላይ ታልፋለች። ስለዚህ ፓኔሉን ጣሪያው ላይ ጠፍጣፋ ማሰር ምንም አይጎዳም፤ ዝናቡ አቧራውን ጠርጎ እንዲወርድ ብቻ በአንድ በኩል በጥቂቱ ከፍ አድርጉት። 200 ዋት ፓኔል በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ያለ ቀን በኔ መኪና ላይ 750 ዋት አወር ገደማ ይሰጣል፤ የኔን 655 ሸፍኖ ይተርፋል። ሐምሌ ላይ ግን ግማሹን ካገኘሁ ተመስገን ነው። ሂሳባችሁን በሐምሌ ሥሩ፣ በኅዳር አትሥሩ።

ደመናውን የሚያስንቅ ጠላት ደግሞ ጥላ ነው። የኛ ቡና የሚያድገው በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ነው፤ እኛም መኪናችንን ደስ ብሎን እዚያው እናቆማለን። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰካክተው የተያያዙ ናቸው፤ አንድ ቅርንጫፍ ጥቂቱን ሲያጠላ የሌሎቹንም ጉልበት አፍኖ ይይዛል። ጥላ ሥር ማደር የምትወዱ ከሆነ ፓኔሉ በ10 ሜትር ገመድ ወርዶ ሜዳ ላይ የሚዘረጋ ዓይነት ይሁን። ጠባቂ ግን አቁሙበት።

ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው የቻርጅ ኮንትሮለር ሁለት ዓይነት አለ። ርካሹ ፒደብሊውኤም የሚባለው የፓኔሉን ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ስለሚያወርድ ሩብ ያህሉን ጉልበት ያባክናል። ኤምፒፒቲ የሚባለው ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር ይለውጠዋል። በደመና አገር ለኤምፒፒቲ ገንዘብ ጨምሩ፤ ከባትሪው ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን።

220ው ቀላል ነው፦ አጋሮ ያለ ፔንሲዮን ግቢ ውስጥ አቁማችሁ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ መብራት ካልሄደ፣ ባለ 20 አምፒር ቻርጀር በ4 ሰዓት 80 ይሞላል። ቻርጀሩ የባትሪያችሁን ዓይነት የሚያስመርጥ መሆን አለበት። ጄልና ኤጂኤም የሚባሉት የታሸጉ የእርሳስ ባትሪዎች ናቸው፤ ጄል ከ14.2 ቮልት በላይ አይወድም፤ ኤጂኤም እስከ 14.7 ይችላል፤ ሊቲየም ከ14.2 እስከ 14.6 ይበቃዋል። ለአሲድ ባትሪ ተብሎ በ15 እና ከዚያ በላይ ቮልት የሚያንተከትክ አሮጌ የጋራዥ ቻርጀር ሊቲየም ላይ እንዳትሰኩ።

እርሳስ ወይስ ሊቲየም?

የእርሳስ ባትሪን ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ እስከ ዛሬ ያልሞተው ርካሽና ቻይ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ሱቅ ገብታችሁ «ባትሪ» ስትሉ መጀመሪያ የሚወጣላችሁ ኤን 70 ወይም ኤን 100 የሚባለው የሞተር ማስነሻ ነው። የሱ ሳህኖች ስስና ብዙ ናቸው፤ ለ3 ሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ተፍቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው የተሠራው። ማታ ማታ እስከ ግማሽ ብታወርዱት ሳህኖቹ ይረግፋሉ። ለመኝታ መኪና የሚሆነው ወፍራም ሳህን ያለው፣ በኛ ገበያ «የሶላር ባትሪ» የሚባለው ነው፦ ጄል ወይም ኤጂኤም።

ጄልና ኤጂኤም ውሃ አይጠጡም፣ ቢጋደሙም አሲድ አያፈሱም፤ ከአጋሮ ጌራ ለሚያንገጫግጭ መንገድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ዲስትልድ ውሃ የሚጨመርበትን የአሲድ ባትሪ ግን አልጋ ሥር አላስገባም። ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተፋል፣ ሃይድሮጅን በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል፤ ከልኩ በላይ ሲሞላ ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያመጣል። የቡና ናሙና ለምትይዙ ሰዎች ሽታው ብቻውን ለእምቢታ በቂ ነው፤ ቡና የጎረቤቱን ሽታ ሁሉ እንደሚስብ ለጅማ ሰው አልነግርም።

ከሊቲየሞች ውስጥ አንዱን ብቻ ነው የምመክረው፦ ሊቲየም አይረን ፎስፌት። ከላፕቶፕና ከስልክ ተፈትተው የሚገጣጠሙት ሌሎቹ ሊቲየሞች ቢቀደዱ ወይም ከልክ በላይ ቢሞሉ የሚነሳባቸው እሳት በቀላሉ አይጠፋም። ፎስፌቱ በጣም የተረጋጋ ነው፤ ራሴን ከላዩ ላይ አስተኝቼበት የማድረው ለዚህ ነው።

ዕድሜን ካያችሁ፦ ደህና ኤጂኤም እስከ ግማሽ እያወረዳችሁ ብትጠቀሙበት 500 ጊዜ ገደማ እየወረደ ይሞላል። ሊቲየም ፎስፌት እስከ 80 በመቶው እያወረዳችሁት ከ2000 በላይ ይሄዳል። ክብደት፦ 100 አምፒር አወር ኤጂኤም 30 ኪሎ ገደማ፣ ሊቲየሙ ከ10 እስከ 13 ኪሎ። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ይጎዳል፤ ጅማ ላይ ይህን አትፍሩ፣ ባሌ ሳነቴ ላይ ግን ውርጭ ስላለ ጠዋት ፀሐይ እስክትሞቅ ሳትሞሉ ቆዩ። ሙቀት በተለይ እርሳስን ይጎዳል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ባትሪ ሞተር አጠገብ አታስቀምጡ።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ? በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ብቻ የምትወጡና በተረፈው ጊዜ ግቢ ውስጥ ቻርጀር ላይ የምታቆሙ ከሆነ ጄል ግዙ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። በየሳምንቱ የምትወጡ፣ አጭር መንገድ የምትነዱና ጥላ ሥር የምታድሩ ከሆነ ሊቲየም ግዙ፤ ውድነቱን አውቃለሁ፣ ግን እኔ ሁለት ጊዜ ከፍዬ ነው የገባኝ።

ስንት አምፒር?

አሁን ነው ይህ ጥያቄ የሚመጣው። በቀን 55 አምፒር አወር የሚጨርስ ሰው፣ ሳይነዳና ያለ ፀሐይ ሁለት ሌሊት መቆየት ከፈለገ 110 ያስፈልገዋል። እርሳስ ከግማሽ በታች ስለማይወርድ 220 ይገዛል፤ ከ60 ኪሎ በላይ ብረት ማለት ነው። ሊቲየም ከ80 እስከ 90 በመቶው ስለሚሠራ 130 ይበቃዋል። እኔ ቆሜ የምቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል ስለሆነ 100 አምፒር ሊቲየም ይዣለሁ።

በእርሳስ ባትሪ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ቅድመ ሁኔታ አለው። «100» የሚለው በ5 አምፒር ለ20 ሰዓት ስትጠቀሙበት ነው። በ50 አምፒር ብትጎትቱት ሁለት ሰዓት አይሰጣችሁም፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ጀርመናዊው ፖይከርት ይህን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1897 ጽፎታል፤ ጆንያ በችኮላ ስትገለብጡት ሥሩ ላይ እንደሚቀረው ቡና ነው። ሊቲየም ላይ ይህ እዚህ ግባ አይባልም።

አሮጌና አዲስ፣ ወይም እርሳስና ሊቲየም በአንድ ላይ አታጋቡ። ደካማው ጠንካራውን ይዞት ይወርዳል።

ሱቅ ስትገቡ፦ ሚዛን፣ ቴስተርና አምፖል

መርካቶ አንድ ወጣት ሻጭ «100» የተጻፈበት የሚያምር ሰማያዊ የሊቲየም ሳጥን አወጣልኝ። በአንድ እጄ አነሳሁት። ቀለለኝ።

«ልጄ፣ መዝነው እስቲ።»

«ጋሼ፣ ባትሪ ይመዘናል እንዴ?»

«ቡና ሳትመዝን ትገዛለህ?»

ጎረቤቱ ካለው የቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፦ 6 ኪሎ ከ200። ባለ 100 አምፒር ፎስፌት ሴል አንዱ 2 ኪሎ ገደማ ነው፤ በባትሪው ውስጥ 4 አሉ፤ ሴሎቹ ብቻ 8 ኪሎ ይሆናሉ፣ ሳጥኑና ሽቦው ሳይቆጠር። 6 ኪሎ ሳጥን 100 ሊሆን አይችልም። ልጁ ራሱ ደነገጠ፤ እሱም እንደኔው ተሸውዶ ነው ያመጣው። 100 የተባለ ኤጂኤም ወይም ጄልም ከ25 ኪሎ በታች ከመጣ ቁጥሩን አትመኑ።

ከሚዛን በኋላ ቴስተር፣ ቮልት መለኪያው። የእርሳስ ባትሪ ሱቅ መደርደሪያ ላይ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ጥሩ ነው። 12.4 ከሆነ ብዙ ወር ተቀምጧል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል፣ ሰልፌቱም ጀምሯል፤ «ቻርጅ ሲደረግ ይመለሳል» ቢሏችሁ አትስሙ። ሊቲየም ላይ ቮልት ብዙ አይናገርም፤ 90 በመቶም 40 በመቶም ሲሆን 13 ከምናምን ያሳያል። ስለዚህ ሊቲየም የሚገዛ ሰው የገባውንና የወጣውን አምፒር የሚቆጥር ባትሪ ሞኒተር አብሮ ይግዛ።

ከሊቲየሙ ጋር የሚመጣውን ቢኤምኤስ የሚባል ጠባቂ ሰርኪዩትም ጠይቁ፦ ስንት አምፒር በተከታታይ ያሳልፋል? 1000 ዋት ኢንቨርተር ልትሰኩ ከሆነ 100 አምፒር የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ባትሪው ሲያልቅ ይህ ጠባቂ ድርግም አድርጎ ይዘጋዋል፣ ቴስተሩም ዜሮ ያሳያል። አልሞተም፣ ተኝቷል፤ ቻርጀር ሲሰጡት ይነቃል። ይህን የማያውቁ ሰዎች ደህና ባትሪ ይዘው ሲጣሉ አይቻለሁ።

የመጨረሻው ፈተና አምፖል ነው፤ ባትሪውን ስትገዙ «በሦስት ቀን ካልሆነ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተዋዋሉ። ቤት ወስዳችሁ ሙሉ በሙሉ ሙሉት። ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖል በቀጥታ አገናኙበት፤ አምፖሉ ስለሚግል ባዶ ጣሳ ውስጥ ይሁን። 4.6 አምፒር ገደማ ይስባል። እርሳስ ከሆነ በ10 ሰዓቱ ንቀሉት፣ አንድ ሰዓት አሳርፉትና ለኩ። 46 አምፒር አወር ወጥቶለታል፤ እውነተኛ 100 ከሆነ 12.2 ወይም በጥቂቱ ከፍ ያለ ማሳየት አለበት። ከ12.0 በታች ከወረደ ባትሪውን ተሸክማችሁ ወደ ሱቁ። ሊቲየም ከሆነ ራሱ እስኪዘጋ ተዉት፤ 21 ሰዓት አካባቢ መድረስ አለበት። 13 ሰዓት ላይ ከጠፋ የገዛችሁት 60 ነው።

ሽቦና ፊውዝ

ብዙ ሰው ባትሪው ላይ ያወጣውን ገንዘብ ሽቦው ላይ ይጥለዋል። የቤት ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ባለ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የሽቦው ውፍረት) ነጠላ ሽቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከፊት ባትሪ እስከ ኋላ 5 ሜትር ሄዶ 5 ሜትር ሲመለስ 10 ሜትር ነው፤ 30 አምፒር ሲያልፍበት 2 ቮልት ከመንገድ ይቀራል፣ ሽቦው ይግላል፣ 14 ቮልት የላካችሁት 12 ሆኖ ይደርሳል፣ ባትሪው አይሞላም። ያንኑ በ16 ካሬ ብታደርጉት የሚጠፋው ከ0.35 ቮልት አይበልጥም። ባለብዙ ክር ሽቦ ይሁን፤ ነጠላው በመንገጫገጭ ይሰበራል። ለ1000 ዋት ኢንቨርተር 35 ካሬ ተጠቀሙ፣ ኢንቨርተሩም ከባትሪው አንድ ሜትር አይራቅ።

ፊውዝ በፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት። ሽቦው በሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስላለው በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ ይፈልጋል፤ ይህን የሚረሱ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ስትሠሩ ቀለበታችሁንና የእጅ ሰዓታችሁን አውልቁ፣ መጀመሪያ ነጌቲቩን ፍቱ፣ መጨረሻ ላይ ነጌቲቩን እሰሩ። ባለ 13 ቁልፍ በሁለቱ ተርሚናሎች መሐል ወድቆ ሲነድ አይቻለሁ፤ ቁልፉ ተርሚናሉ ላይ እንደ ተበየደ ተጣብቆ ቀረ።

ቦታው

በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሐል፣ ወለሉ ላይ፣ በብረት ቀበቶ ከሻሲው ጋር የታሰረ። ፍሬን ስትይዙ 30 ኪሎ ባትሪ ወደ ጭንቅላታችሁ መምጣት የለበትም። ሳጥኑ ከወለሉ ሁለት ጣት ከፍ ይበል፤ በክረምት ከጫማችን ጋር የሚገባው ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል።

አሮጌውን የእርሳስ ባትሪ ቆራሌው በኪሎ ይገዛችኋል። አሲዱን አዌቱ ወንዝ ውስጥ ደፍታችሁ ባዶውን አትሽጡ፤ ከነአሲዱ ይውሰደው።

የመጀመሪያው ሌሊት ግቢ ውስጥ ይሁን

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ወዲያው ጌራ አትሂዱ። ግቢያችሁ ውስጥ ሁለት ሌሊት እደሩበት፤ ጎረቤት «ከሚስቱ ተጣላ» ይበል። ፍሪጁንም መብራቱንም እንደ መንገድ አብሩ። ማታ 3 ሰዓት ላይና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞኒተሩ የሚለውን አንብባችሁ በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ የባትሪው ሳጥን ክዳን ላይ ለጥፉ። የኔ ክዳን ላይ ያለው የመጀመሪያው ጽሑፍ «ማታ 100፣ ጠዋት 76» ይላል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት 76 አካባቢ ከሆነ ጀበናዬን እጥዳለሁ። አንድ ቀን 61 ብሎ አገኘሁትና ስፈልግ የፍሪጁ በር ጎማ ላይ የጀንፈል ፍሬ ተሰንቅሮ አድሯል፤ በሩ ለክር ያህል ተከፍቶ ኮምፕረሰሩ ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ሲሠራ ነበር።